በአባት በኩልስ?

በዘር የሚተላለፍ ካንሰርን የሚያጠና ሐኪም ሥራውን የሚጀምረው በብዕርና በባዶ ወረቀት ነው። ወንድን በአራት ማዕዘን፣ ሴትን በክብ አመለክታለሁ፤ ካንሰር የያዘውን አጠቁራለሁ፤ በሞተው ላይ ሰያፍ መስመር አሰምራለሁ። ደም ወደ ላቦራቶሪ የሚላከው ይህ የዘር ሐረግ ከተሣለ በኋላ ሲሆን፣ ሐረጉ ከተሳሳተ ላቦራቶሪው አያቃናውም።

ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት ሀገር ይህ ቀላል ሊመስል ይችላል። በእርግጥም ብዙ ታካሚዎቼ አያት ቅድመ አያታቸውን ሳያቋርጡ ይጠሩልኛል። ችግር የሚመጣው በምን እንደሞቱ ስጠይቅ ነው። «በነቀርሳ» የሚለው መልስ ካንሰርም የሳንባ በሽታም ሊሆን ይችላል። «እህቴ» የተባለችው የአክስት ልጅ ሆና ትገኛለች። ስማችን ላይ ያለው የአባት እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ ባለመሆኑም፣ የአንድ አያት የልጅ ልጆች በአንድ ሆስፒታል እየታከሙ ካርዳቸውን አይቶ ዝምድናቸውን የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ለሥራው እንግዳ በነበርኩበት ጊዜ አንዲት የ38 ዓመት ሴት ለጡት ካንሰር ሕክምና መጣች። በቤተሰቧ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው እንዳለ፣ ሰው በሞላበት ኮሪደር፣ ባለቤቷ አጠገቧ ቆሞ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠየቅኋት። «የለም» አለች፤ እኔም በካርዷ ላይ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ታናሽ እህቷ ቆዳዋን አልፎ የቆሰለ የጡት ዕጢ ይዛ መጣች። የአባታቸው እናትም በዚያው ሕመም እንደሞቱ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ያንን «የለም» የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ታናሺቱን ቀደም ብሎ ለመመርመር የነበረን ጊዜ ያለፈው በዚያ ቃል ምክንያት እንደሆነ ዛሬም አምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ በር ዘግቼ፣ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። «የእናትሽና የአባትሽ ልጅ ናት?» እላለሁ፤ የእናት ወገን ሲያልቅ ደግሞ «በአባትሽ በኩልስ?» እላለሁ። ጡት የሴት ስለሆነ የጡት ካንሰርም በእናት ብቻ የሚወረስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ የሕክምና ባለሙያዎችም ሲሳሳቱ አይቻለሁ። ብራካ 1 እና ብራካ 2 የተባሉት ጂኖች ግን በሴሎቻችን ውስጥ የዘር መረጃ የሚይዘው ዲኤንኤ ሲሰበር ለመጠገን የሚያገለግሉ፣ ወንድም ሴትም የሚይዛቸው ጂኖች ናቸው። ከእናትና ከአባት ከሚወረሱት ሁለት የጂኑ ቅጂዎች አንደኛው የተበላሸበት አባት ለእያንዳንዱ ልጁ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ያንን ቅጂ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ከጡት ካንሰር ታማሚዎች መካከል ሕመማቸው በዘር የመጣው ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ብቻ ቢሆኑም፣ በእነዚህ ቤተሰቦች ውስጥ የብራካ 1 ጉድለት ያለባት ሴት እስከ 80 ዓመቷ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ወደ 70 በመቶ፣ በኦቫሪ (በሴት የእንቁላል ማኅደር) ካንሰር ደግሞ ወደ 44 በመቶ ይደርሳል።

የጂኑ ግኝት ራሱ የዘር ሐረግ ሥራ ነበር። አሜሪካዊቷ የዘረመል ተመራማሪ ሜሪ ክሌር ኪንግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1990 ብራካ 1 በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ እንደሚገኝ ያመለከቱት፣ 146 የጡት ካንሰር ታማሚዎች የነበሩባቸውን 23 ቤተሰቦች አጥንተው፣ ሕመሙ በወጣትነት የጀመረባቸውን ለይተው በማየታቸው ነው። ጂኑ ተለይቶ የወጣው ከአራት ዓመት በኋላ በ1994 ነው።

ባለፈው ክረምት ከሰላሌ የመጣች የ34 ዓመት ሴት ከቸርችል ጎዳና ብዙም በማይርቀው ክፍላችን ተቀምጣ ነበር (ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ)። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ስለነበረ፣ ከክፍለ ሀገር ታካሚን ይዞ ወደ መሃል ከተማ መምጣት ለአስታማሚዎች አዲስ ነገር አይደለም። እሷንም የሚያስታምሟት የአባቷ እህት ነበሩ። በእናቷ ወገን የታመመ አልነበረም። የአባቷን ወገን ስጠይቅ ልጅቷ «የለም» አለች፤ በሩ አጠገብ የተቀመጡት አክስቷ ግን ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ታላቅ እህታችን ሆዷ ውሃ ቋጥሮ ነው የሞተችው። ሁለት ጊዜ ቀዱላት፤ ለሦስተኛው አልደረሰችም። ተከታይዋ ደግሞ ጡቷን ነበር፤ ለሰው ግን ጨጓራዋን ነው ያልነው።»

ለምን እንደደበቁ ጠየቅኋቸው። «ያልተዳሩ ሴት ልጆች ነበሯት» አሉኝ።

ልጅቷ ይህን የሰማችው ከእኔ ጋር እኩል ነው። ጡቷን የታመመችውን አጠቆርኩ። ሆዷ ውሃ የቋጠረው የኦቫሪ ካንሰር ሊሆን ቢችልም ጉበትም ሌላ ሕመምም እንዲሁ ያደርጋል፤ ስለዚህ በክቡ ውስጥ የጥያቄ ምልክት አኖርኩ። በሁለቱ ክቦች አጠገብ የአባቷ አራት ማዕዘን ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ሰውየው በ70 ዓመታቸው ዛሬም ያርሳሉ።

የደም ምርመራዋ ውጤት ሲመጣ በብራካ 2 ላይ «ትርጉሙ ያልተረጋገጠ ለውጥ» እንዳለ ይገልጻል። በዓለም ላይ የተሰበሰበው የዘረመል መረጃ በአብዛኛው ከአውሮፓውያን የተገኘ በመሆኑ፣ በእኛ ሰው ላይ የሚታይ ለውጥ ጎጂ ይሁን ወይም እንዲሁ በሕዝባችን ዘንድ የተለመደ ልዩነት ይሁን የሚያመሳክሩበት ነገር ይጠፋል። ምርምራችን ተጨማሪ የኢትዮጵያ ቤተሰቦችን የሚፈልገው ለዚህ ነው። እንዲህ ባለ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ጤነኛ ጡት ወይም ኦቫሪ አይወጣም፤ የቅርብ ዘመዶቿን ክትትል የሚወስነው ያው የዘር ሐረጉ ነው። ውጤቱ ከዓመታት በኋላ ትርጉም ሊያገኝ ስለሚችልም የእሷን ብቻ ሳይሆን የሁለት ዘመዶቿን ስልክ መዘገብኩ፤ ስልክ ይቀየራልና።

አንድ ልናውቀው የምንችለው ነገር ግን ነበረ። ለውጡ ከእናቷ የመጣ ከሆነ የአክስቶቿን ሕመም ሊያስረዳ አይችልም፤ ከአባቷ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ይጠነክራል። እሷ ፈቅዳ፣ አክስቷ ነግረዋቸው፣ አባቷ መጡ። ስለ ጥናቱ አስረድቼ የፈቃድ ቅጹን ካነበብኩላቸው በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ከእኔ ነው የወጣባት?» አሉኝ።

«ገና አላወቅንም አባባ፤ የእርስዎን ደም የምንፈልገው ይህንኑ ለማወቅ ነው» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ለልጃቸው አስይዘው እጅጌያቸውን ራሳቸው ጠቀለሉ።