ከአዳም እስከ ኢዮብ

ስለቴ ውስጥ «ለሰው እናገራለሁ» የሚል ነበረበት። ጨለማ ውስጥ የተሳልኩት ስለት ነው፤ ሲነጋ አፈርኩ። ዛሬ ነገ እያልኩ ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው ሳምንት እትዬ ደውላ «የሚካኤልን ዕዳ ከፈልሽ ወይ?» አለችኝ። እየከፈልኩ ነው፣ እትዬ።

ዱባይ ስኖር 11 ዓመቴ ነው። ሆቴል ውስጥ እሠራለሁ። እትዬ የሥጋ ዘመዴ አይደለችም፤ አንድ ቤት ተጋርተን ስንኖር ነው እትዬ የሆነችልኝ። ጸሎተኛ ናት። እኔ ደግሞ ያኔ ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነበር።

ተኳርፌ ስል ማጋነኔ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ላይ እናቴ ደብረ ብርሃን ታመመች። ፓስፖርቴ ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት አሠሪዎቼ ዘንድ ነበር። ዛሬ ይወጣል፣ ነገ ይወጣል ይሉኛል። እናቴ የሚካኤል ወዳጅ ናት፤ ወር በገባ በ12 ዝክሯን ያስታጎለችበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። እኔም ሰኔ 12 በቀኑ ተሳልኩ። ትዳንልኝ እንኳን አላልኩም። ደርሼ እጇን ልያዝ ብቻ አልኩ። ሰኔ 14 አረፈች። ቀብሯን ያየሁት በስልክ ቪዲዮ ነው። ሳጥኑ ሊወርድ ሲል ኔትወርኩ ቆመ። ምስሉ ደርቆ ቀረ፦ የወንድሜ ጀርባ፣ አንድ ጥቁር ጃንጥላ፣ የቄሱ መስቀል ጫፍ። ሲመለስ አፈር ለብሳለች።

ሊያጽናናኝ የመጣ ሁሉ «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ» ይለኛል። ኢዮብን ጠላሁት፤ እውነቴን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አላማተብኩም። እንጀራ ስቆርስ እንኳን እጄን እይዘው ነበር።

በ2015 ነሐሴ ላይ እትዬ «ክረምት ናፈቀኝ» አለች። ባሕረ ሰላጤው በሐምሌና በነሐሴ ሲነድ የኦማኗ ሳላላ ታካፋለች። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው ነፋስ ጉሙን አምጥቶ የዶፋር ተራሮች ላይ ያሳርፈዋል፤ ተራራው አረንጓዴ ይለብሳል። ዐረቦቹ «ኸሪፍ» ይሉታል። ለእኛ ግን ክረምት ነው። ከዱባይ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ነድቶ ጭቃ ለማየት የሚሄድ ሰው አለ ቢባል ሌላው ይስቃል፤ ሐበሻ አይስቅም።

ሦስት ሆነን ነው የሄድነው፤ እትዬ፣ የእህቷ ልጅና እኔ። ክሬዲት ካርድ ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ መኪናውን በስሜ ተከራየሁ። አነስ ያለች ነጭ አውቶሞቢል። ኦማን ለመግባት ከአከራዩ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ እዚያ አገር የሚሠራ ኢንሹራንስም ለብቻው ይጨመራል። ይቅርብኝ ብዬ ተከራከርኩ። ወረቀቱን የሚሞላው ህንዳዊ ልጅ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ያለዚህ ቁልፉን አልሰጥሽም» አለኝ። ተናደድኩበት። ወንድሜ፣ የትም ብትሆን እግዚአብሔር ይስጥህ። ስምህን እንኳን አልጠየቅኩም።

የእትዬ የእህት ልጅ ስኮርታውን፣ ክሪኩንና ሦስት ማዕዘን ምልክቱን አይቶ ተነሣን። ድንበር ላይ ረጅም ሰልፍ ጠበቀን። ብዙ ሰዓት በላብን። ከዚያ በኢብሪ አድርገን አዳም ወደምትባል ከተማ ደረስን። አዎ፣ አዳም የምትባል ከተማ አለች። ሳላላ ተራራ ላይ ደግሞ የነቢዩ ኢዮብ መቃብር ነው የሚባል ቦታ አለ። ልጁ ካርታውን እያየ «ከአዳም እስከ ኢዮብ ልንነዳ ነው» አለ። ሳቅን። ከኢዮብ ጋር መጣላቴን አላወቀም።

ከአዳም በኋላ ያለውን መንገድ ያላየ ሰው አይገባውም። ዛፍ የለም። ኮረብታ የለም። 300 ኪሎ ሜትር ተነድቶ መሬቱ ያው ነው። ሐይማ የምትባል ትንሽ ከተማ ስንደርስ መሽቷል። የኸሪፍ ወቅት ስለሆነ ያየነው ማደሪያ ሁሉ ሞልቷል። እትዬ «ማደያው አጠገብ መኪና ውስጥ እንደር» አለች። እኔ እምቢ አልኩ። ሳላላ ገና ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይቀራል፤ ሁለት ቀን ብቻ ነው ያለኝ፤ እንሂድ አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከምሽቱ 5 ሰዓት አልፏል። ልጁ አጠገቤ ተኝቷል። እትዬ ከኋላ መቁጠሪያዋን ይዛለች። የፍልሰታ ጾም ስለነበር ቀኑን ሙሉ ከቆሎ ሌላ ብዙም አልቀመሰችም። የፍጥነት መለኪያው 120 ላይ ነው።

«ልጄ፣ ዝግ በይ» አለች።

ዝም አልኳት።

«ዝግ በይ፤ ግመል አለ ተብሏል።»

አሁንም ዝም።

«ዛሬኮ ሚካኤል ነው፤ ለእሱ ብለሽ ዝግ በይ።»

ይሄኔ ፈነዳሁ። «ሚካኤል ሚካኤል አትበይኝ! እናቴ ስትሞት የት ነበር?» ብዬ ጮህኩ። እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሣሁ። «ይኸው! ዝግ! ደስ አለሽ?» አልኳት። መኪናዋ 100፣ 80፣ 60 ወረደች። በንዴት ነው። ለጸሎቷ አክብሮት እንዳይመስላችሁ፣ በእልህ ነው ያዘገምኩት። ለቀስተኛ እንደሚሸኝ ሰው እየተንፏቀቅኩ ነበር።

አንድ ደቂቃ አልሞላም።

መጀመሪያ እግር ነው ያየሁት። መብራቱ ውስጥ አራት ቀጫጭን እንጨቶች የቆሙ መሰለኝ። ግመል ረጅም ነው፤ አጭር መብራት ሆዱ ላይ አይደርስም፤ ዓይኑም ከላይ ስለሆነ አያበራልህም። እንጨቶቹ ተንቀሳቀሱ። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩት። መሪውን የጠመዘዝኩት እኔ ልሁን ሌላ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስፖኪዮው ሲሰበር ሰማሁ። የጎን መስታወቱ ፈሰሰ። ኮፋኖው ላይ አንድ ከባድ ነገር ተደገፈና ተነሣ። ከዚያ ጠጠር፣ ጠጠር፣ ጠጠር፤ መኪናዋ ከአስፋልቱ ወጥታ ዞራ ቆመች።

ጸጥ አለ። ከፊት ውኃ ሲንፏፏ ይሰማል። ራዲያተሩ ነው።

«እግዚኦ!» አለች እትዬ። በሕይወት አለች ማለት ነው። ልጁን ነካሁት። እጄ ረጠበ። ግንባሩ ተሰንጥቋል፤ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ «ምንድነው? ምንድነው?» ይላል። ሞተሩ አይነሣም። ፍሬቻውን ሞከርኩ፤ አይበራም። ስልካችን ሦስቱም ኔትወርክ የለውም። እንደገና ኔትወርክ! እንደዚያ ቀን።

ልጁ እያነከሰ ሄዶ ሦስት ማዕዘኑን አስፋልቱ ዳር ተከለ። ነፋሱ ጣለው። መልሶ ተከለው፤ መልሶ ጣለው። ድንጋይ ፈልገን አስደገፍነው። ከመንገዱ ርቀን ጨለማ ውስጥ ስለቆምን ማን ያየናል? መኪኖች እንደ ጥይት ያልፋሉ። ስልኬን አብርቼ አውለበለብኩ። ሰባት ድረስ ቆጠርኩ፤ አንድም አልቆመም። አልፈርድባቸውም። እኔም በሌሊት ለማላውቀው ሰው አልቆምም ነበር።

እትዬ ነጠላዋን ቀዳ የልጁን ግንባር አሰረች። ደሙ አልቆም አለ። ልጁ «እንቅልፌ መጣ» ማለት ጀመረ። እሷ «እንዳትተኛ፣ እንዳትተኛ የኔ ጌታ» እያለች ጉንጩን ትመታዋለች።

ፈንጠር ብዬ ሄድኩ። ሁለት ዓመት ተዘግቶ የኖረ አፌ ተከፈተ፤ የወጣው ግን ጸሎት አይደለም። «እናቴ አልበቃችህም?» አልኩት። «ይሄንንም የሰው ልጅ? ያንተ ነገር መቼ ነው የሚበቃው?» ድምፄ ባዶው ሜዳ ላይ የት እንደገባ አልታወቀም። ማስተጋቢያ እንኳን የለውም። ሰደብኩት። አልደብቅም። ስድቡ ሲያልቅብኝ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ጠጠሩ ላይ ተንበረከክኩ። ከዚያ ሳላስበው ጣቶቼ መቁጠር ጀመሩ። እናቴ በልጅነቴ እንዳስተማረችኝ፣ በጣት አንጓ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። «ከሌሊት ግርማ» የሚለው የዳዊት ቃል መሐል ገባብኝ፤ ቀጣዩ ጠፋኝ፤ ወደ እግዚኦ ተመለስኩ። «ከዚህ አውጣን፣ ለሰው እናገራለሁ» አልኩ። 41 ይሁን 30 አላውቅም፤ ቆጠራው ጠፍቶብኛል።

«ልጄ!» አለች እትዬ። «እይ!»

መብራት ነው። ግን ከአስፋልቱ በኩል አይደለም የሚመጣው። መንገድ በሌለበት፣ በስተጀርባችን፣ ከሜዳው መሐል ነው። ይጠፋል፣ ይወጣል፣ ይወዛወዛል። ያ ሌሊት የቡሄ ዋዜማ ነበር። አገር ቤት ቢሆን ልጆች በዚያ ሰዓት ችቦ አብርተው ጨርሰዋል፣ የእናቴ ሙልሙል ተጋግሯል። ያ የሚወዛወዝ ብርሃን ልክ ችቦ የያዘ ሰው ሲሮጥ ይመስል ነበር። ደስ አላለኝም። ከመኪናው ጀርባ ተደበቅን። ሁለት ሴትና አንድ ቁስለኛ፤ ከማይታወቅ ሰው ጋር በረሃ ላይ። ክሪኩን ይዤ ነበር፤ ምን ላደርግበት እንደነበር እንጃ።

አሮጌ ፒካፕ ነው። የወረደው ሽማግሌ ነው። በባትሪ አንድ ጊዜ ልጁን፣ አንድ ጊዜ የተጨፈለቀውን ኮፋኖ አየ። ምንም አልጠየቀም። የራሱን ጥምጥም ፈትቶ የልጁን ራስ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ያ ቢንቲ፣ ክሪኩን አስቀምጪው» አለኝ።

ያ ቢንቲ ማለት ልጄ ሆይ ነው። አለቀስኩ።

ውኃ ሰጠን። ከፔርሙዝ ቡና ቀዳልን፤ ሄል የበዛበት፣ ቢጫ። ሦስት ሦስት ቴምር በእጃችን አስያዘን። በምችለው ዐረብኛ «ግመሉ የእርስዎ ነው?» አልኩት። ከመሸ ጀምሮ የጠፉበትን ግመሎች ዱካ ሲከተል ነበር። «ግመሉ ሄዷል። እናንተስ?» አለ። ከዚያ ሐበሻ መሆናችንን ጠየቀ። አዎ አልን። ራሱን ነቀነቀና በሩን ከፈተልን።

እትዬና ልጁ ከፊት፣ እኔ ከኋላ በገመድና በመኖ ጆንያ መሐል ሆነን ወደ ሐይማ ተመለስን። ኮከቡን እያየሁ። ቴምሩ አፌ ውስጥ ነው፤ ፍሬውን መትፋት ረስቼ።

ሆስፒታሉ ውስጥ የልጁን ግንባር ስድስት ቦታ ሰፉት። ተራኛዋ ነርስ እትዬ የምትተኛበት ፍራሽ ከየት እንዳመጣች እንጃ። ልጅሽ ይባረክ ብያታለሁ በአማርኛ፤ «አሜን» የሚለው ገብቷታል። ፖሊሱ ጠዋት መኪናውን አይቶ መጣ። ስንት ነበር የምትነጂው አለኝ። 60 አልኩት። መልሶ ጠየቀኝ። 60። «በ120 ቢሆን ግመሉ ጭንሽ ላይ ነበር የሚቀመጠው» አለ። እግሩን ትመቺዋለሽ፣ ሰውነቱ በመስታወቱ ይገባል፤ በየዓመቱ እናያለን አለኝ። እትዬን አየኋት። እሷ ወለሉን ታያለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ሽማግሌው የለም። ለፖሊሶቹ ቦታውን አሳይቶ ሄዷል። ስሙን የያዘ ሰው አላገኘሁም።

የኢንሹራንሱና የፖሊስ ወረቀቱ አተረፈኝ፤ በእኔ በኩል የቀረውን ሰባት ወር ከፍዬ ጨረስኩ።

ሳላላ በአውቶቡስ ደረስን። ተራራው ላይ ጉሙ ፊትን ያረጥባል፣ ሣሩ ይሸታል፤ ላሞች መንገድ ላይ ተኝተዋል። ደብረ ብርሃን ነው የሚመስለው። ኢዮብ ጋ ሄድን። የሙስሊሞች ቦታ ነው፤ መቃብሩ ረጅም፣ ጨርቅ የለበሰ። ጫማዬን አውልቄ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ልጁ በፋሻው ሥር እየሳቀ «ሦስት ሺህ ግመል ነበረው ይላል መጽሐፉ፤ አንዱ የእሱ ይሆን?» አለኝ። እኔ የእናቴን የክርስትና ስም ጠራሁ። ከሰኔ 14 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ለምን እንደወሰዳት አልነገረኝም፤ ዛሬም አልነገረኝም። ግን አማተብኩ።

እትዬ ሽማግሌው ሚካኤል ነው ትላለች። እኔ «እትዬ፣ ሰውየው የግመል ሽታ ነበረው» አልኳት። «ሚካኤል ምን ምን እንደሚል ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

በዓመቱ እንደገና ሄድን፤ በቀን። ሐይማ ማደያ ላይ ቆመን አንድ ኪሎ የይርጋ ጨፌ ቡና ይዤ ወረድኩ። ነዳጅ ቀጂውን፣ የባንግላዴሽ ልጅ ነው፣ «አሮጌ ፒካፕ ያለው፣ ግመል የጠፋበት ሽማግሌ ታውቃለህ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «እህቴ፣ እዚህ ሽማግሌ ሁሉ አሮጌ ፒካፕ አለው። ሁሉም ግመል ጠፍቶበታል» አለኝ።

ቡናውን እዚያው ተውኩት። ለመጀመሪያው ስጠው አልኩት።