ለአሮጌ ሞተር ሳይክል አዲስ ማርሚታ፦ ችግሩ ያለው ሁለቱ ቡሎኖች ላይ ነው

ከአዲሱ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ጋር በሣጥኑ ውስጥ የመጣው መመሪያ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። አሮጌውን ፍቱ፣ አዲሱን ግጠሙ፣ ዳዶዎቹን (ቡሎን ላይ የሚጠብቁትን) አጥብቁ፣ ሞተሩን አስነሡ ይላል። ግርጌው ላይ በደማቅ ፊደል «ካርቡሬተሩን መነካካት አያስፈልግም» የሚል ተጨምሮበታል፤ ካርቡሬተር ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅለው ክፍል ነው። ይህን የጻፈ ሰው አርባ ዓመት ያለፈው ሞተር ሳይክል ላይ መፍቻ አሳርፎ የሚያውቅ አይመስለኝም። ከመጀመሬ በፊት አንድ ሰው «ቱቦውን ከቴስታታው ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖች ተጠንቀቃቸው» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ብዙ ሳምንትና ብዙ ንዴት በተረፈልኝ ነበር። ቴስታታ የሲሊንደሩ ክዳን ነው። የነገረኝ ስላልነበረ እኔ እነግራችኋለሁ።

ሞተር ሳይክሌ ያማሃ ኤስአር 500 ነው። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1978 ገበያ ላይ የዋለ፣ 499 ሲሲ አንድ ሲሊንደር ያለው፣ በእግር ተረግጦ የሚነሣ ሞተር ነው። ማርሚታው ከውስጥ ወደ ውጭ ዝጎ አልቆ ነበር። ብዙ ሰው ማርሚታ የሚዝገው በዝናብ ይመስለዋል። ውኃው ግን ከውስጥም ይመጣል፦ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ይፈጠራል። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ አጭር መንገድ ብቻ ከተነዳ ያ ውኃ ተንኖ ሳይወጣ ማርሚታው ሆድ ውስጥ ይቀርና ከጭሱ አሲድ ጋር ሆኖ ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ ክሮሙ ቢያብረቀርቅም አትመኑት፤ ከሥር እያንኳኳችሁ ድምፁን ስሙ። እኔ የማይዝግ ብረት ገዛሁ፤ በዚህ ምርጫ እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩም።

ማርሚታውን ከኋላ ማውረድ ቀላል ነው። ማንጠልጠያውንና ማሰሪያውን ፈትቶ በጎማ መዶሻ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ስለዚህ ክፍል ሌላ የምለው የለኝም።

መከራው ያለው ከፊት ነው። የጭስ ማውጫው ቱቦ የሚታሰረው ከቴስታታው ወጥተው በቆሙ ሁለት ራስ የሌላቸው ቡሎኖችና በዳዶዎቻቸው ነው። ቡሎኖቹ ብረት ናቸው፤ ቴስታታው ደግሞ አሉሚኒየም። ሁለቱ እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ከእሱ የሚወጣው ነጭ ዱቄት በቡሎኑ ጥምዝ ጥርሶች መካከል ያብጥና ቡሎኑን አንቆ ይይዘዋል። ከውጭ በኩል ደግሞ ዳዶው በጭሱ ሙቀት ሲጋገር ይኖራል። ከሁሉ በላይ ልብ የምትሉት ግን ይህን ነው፦ ቡሎኑ የሚሳሳው በዳዶውና በቴስታታው መካከል፣ ፍላንጁ (ቱቦውን ከቴስታታው ጋር የሚያያይዘው ቀለበት) በሸፈነው ቦታ ነው። ጫፉን ስታዩት ጤነኛ ነው፤ ወገቡ ግን አልቋል።

የጥገና መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ፍቱ ይላሉ። እጅ እንዳይቃጠል ብለው ከሆነ ልክ ናቸው። ለአሮጌ ሞተር ግን በዚህ አልስማማም። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ በሚሆን መጠን ይሰፋል፤ ስለዚህ ቴስታታው ሲሞቅ በቡሎኑ ላይ ያለው ጭብጥ ይላላል። እኔ ዝገት የሚያለሰልሰውን ዘይት ለብዙ ቀናት ጠዋትና ማታ እያንጠባጠብኩ ከረምኩ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቼ አሞቅሁት፣ ወፍራም ጓንት አጠለቅሁና መጀመሪያ ዳዶውን በጥቂቱ አጠበቅሁት። አዎን፣ አጠበቅሁት፤ የዝገቱ መያዣ የሚሰበረው በዚያ ነው። ቀጥሎ ሩብ ዙር ወደ መፍታት፣ ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ እንደገና ወደ መፍታት። የግራው ዳዶ በዚህ መልክ እየጮኸም ቢሆን ወጣ።

የቀኙ ሌላ ጉድ ሆነ። መፍቻው በእጄ ውስጥ ሲላላ ተሰማኝ፣ የተፈታ መስሎኝ ደስ ሊለኝ ሲል ዳዶው ከነቡሎኑ ጫፍ መሬት ላይ ወደቀ። ከቴስታታው ወጣ ብሎ የቀረው የቡሎኑ ጥቂት ሚሊሜትር ጉቶ ነበር።

እዚህ ደረጃ ላይ ነገሩ ገና አልከፋም። ጉቶ ወጣ ብሎ ከቀረ መድኃኒቱ ብየዳ ነው፦ አንድ ዳዶ ጉቶው ላይ ይደረግና ውስጡ በብየዳ ይሞላል። የብየዳው ሙቀት ራሱ ቡሎኑን ከአሉሚኒየሙ ያላቅቀዋል፤ ትንሽ በረድ ሲል በመፍቻ ይወጣል። የብየዳ ማሽን ስለሌለኝ ሞተሩን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኩ። መካኒኩን በእጄ እያሳየሁ «እባክህ ዳዶ በይድበት፤ በትራፓኖ አትንካው፤ ያንን ወደ ግራ የተጠመዘዘ የቡሎን ማውጫም አታስገባበት» አልኩት። «ሐሳብ አይግባዎት» አለኝ።

ስመለስ ጉቶው የለም። በቦታው ከመሐል ፈንጠር ያለ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ውስጥ ደግሞ እንደ ብርጭቆ የሚያበራ ነገር ተሰክቷል። የቡሎን ማውጫው ተሰብሮ ውስጥ ቀርቷል። ይህ መሣሪያ ከጠነከረ ብረት ይሠራል፤ ስለዚህ ተራ ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ) አይበሳውም። ፑንታው ከእሱ ላይ ይንሸራተትና ለስላሳውን አሉሚኒየም ይቆፍራል፤ የእኔም ቴስታታ ከጎኑ ተቆፍሮ ነበር። መካኒኩን ስጠይቀው «የአሮጌ ሞተር ጠባይ ነው» አለኝ። አይደለም! የአሮጌ ሞተር ጠባይ ቡሎኑ መሰበሩ ነበር። ሁለተኛውን ጉዳት ያመጣው ቀዝቃዛ ቴስታታ ላይ በጉልበት መሥራት ነው። በሙቀት ያልተላቀቀ፣ ወፍራሙ ቡሎን ራሱ የተሰበረለት ዝገት፣ ከእሱ በቀጠነ ማውጫ ይላቀቃል ብሎ ማሰብ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ይህን ስጽፍ እንኳ ያናድደኛል። ለሥራው ገንዘብ መጠየቁን ልተወው።

ከዚያ በኋላ የቀረው መንገድ አንድ ነበር። ቴስታታውን አወረድኩ። ይህ ማለት ቫልቮላዎቹን የሚከፍተውን ዘንግ የሚያዞረውን የካሜሮ ሰንሰለት መፍታት፣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) መቀየር፣ የቫልቮላዎቹን ክፍተት እንደገና መለካት ማለት ነው፤ ማርሚታ ልቀይር የተነሣሁ ሰው ሞተር ከፍቼ ተቀመጥኩ። ቴስታታውን በኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ብረት የሚበላ ማሽን ወዳለው የብረት ሥራ ቤት ወሰድኩት። ሥራው በፈሳሽ ውስጥ ይከናወናል፤ ኤሌክትሮዱ ብረቱን ሳይነካው በፍንጣሪ እያነሣ ይጨርሰዋል፤ የብረቱ ጥንካሬ ለእሱ ምንም አይደለም። ባለሙያው ረጋ ያሉ አዛውንት ነበሩ። ቀዳዳውን አጽድተው፣ በመሐሉ አስተካክለው አስፍተው፣ ከማይዝግ ሽቦ የተጠመዘዘ አዲስ ጥርስ ከተቱበት። ሄሊኮይል የሚባለው ነው። ከድሮው የአሉሚኒየም ጥርስ ይልቅ እሱን አምናለሁ፤ በዚያ ሥራ ኮርቻለሁም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ቱቦው ጤነኛ ከሆነ ቴስታታው አጠገብ አትድረሱ፤ ከኋላ ያለውን ማርሚታ ብቻ ቀይሩ፤ ሙሉውን ግዙ የሚላችሁን ሻጭ አትስሙ። የግድ መፍታት ካለባችሁና ዳዶው ሞቆም እንቢ ካለ፣ ዳዶውን በጎኑ በመጋዝ ወይም በመፈልፈያ ሰንጥቃችሁ አንሡት። ዳዶ ርካሽ ነው፤ መስዋዕት መሆን ያለበት እሱ ነው። የቡሎን ማውጫ የሚያነሣ መካኒክ ካያችሁ ሞተራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሞተሩን ጥላችሁም አትሂዱ፤ ቆማችሁ አሠሩ።

ስገጥም አዲስ የመዳብ ጓርኒሲዮን፣ አዲስ ቡሎኖችና የናስ ዳዶዎች አደረግሁ። ናስ ከብረት ጋር ተጋግሮ አይጣበቅም። ጥርሶቹን ሙቀት የሚችል የመዳብ ቅባት ቀባኋቸው። በመጽሐፍ የተጻፈው የማጥበቂያ ልክ ብዙውን ጊዜ ለደረቅ ጥርስ ነው፤ ቅባት ካለበት በዚያው ልክ ማጥበቅ ቡሎኑን ከሚገባው በላይ ይስበዋልና ቀነስ አድርጉ። ሁሉንም ነገር ልል አድርጋችሁ አንጠልጥሉ፣ መጀመሪያ ቴስታታው ጋ ያለውን አጥብቁ፣ ማንጠልጠያዎቹን መጨረሻ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቱቦው ተወጥሮ ይኖርና ማንጠልጠያው በንዝረት ይሰነጠቃል። የማይዝገውን ብረት ከማስነሣታችሁ በፊት በአልኮል ጥረጉት፤ አለዚያ የጣታችሁ አሻራ ተቃጥሎ ይቀራል።

አሁን «ካርቡሬተሩን መነካካት አያስፈልግም» ወዳለው ደማቅ ፊደል ልመለስ። አዲሱ ማርሚታ ጭሱን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ሞተሩ ብዙ አየር ይስባል፤ ካርቡሬተሩ ካልተስተካከለ ነዳጁ ያንሳል። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ይግላል፣ ጋዝ ሲለቀቅ ይተኩሳል፣ በአንድ ፍጥነት ሲነዳ ይንገዳገዳል፤ ነዳጁን በፍንጣሪ የሚያቀጣጥለው የካንዴላው ሸክላ ይነጣል። የእኔ ሁሉንም አደረገ። ወደ ካርቡሬተሩ ከመሄዳችሁ በፊት ቱቦው ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለማፍሰሱን አረጋግጡ፤ እዚያ የሚገባ አየርም ያስተኩሳል። ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሡና የማርሚታውን አፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ያዙ፤ ፊሽ የሚል ድምፅ ከፊት ከመጣ ችግሩ እዚያ ነው። ካልመጣ ከካርቡሬተሩ መርፌ ጀምሩ። መርፌው የሚገዛው ጋዙ ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ሲከፈት ያለውን ክፍል ነው፤ መርፌውን የያዘውን ክሊፕ አንድ ቦይ ወደ ታች ስታወርዱት መርፌው ከፍ ይልና ነዳጁ ይጨምራል። ከዚያ በላይ ያለው የዋናው ጂግለር (ነዳጅ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ቁራጭ) ድርሻ ነው፤ አንድ ደረጃ ብቻ ጨምሩና ካንዴላውን እዩ። በእኔ ሞተር ላይ መንገዳገዱን ያቆመው መርፌው ነው። ማርሚታው ውስጥ ያለውን ድምፅ መቀነሻ ግን አታውጡ፤ ጩኸት ጉልበት አይደለም።

የመጨረሻው ንዴቴ ከተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ነው። የቆመ ሞተር ድምፅ የሚለካው ማይክሮፎኑ ከማርሚታው አፍ ግማሽ ሜትር ርቆ፣ በ45 ዲግሪ ተቀምጦ ነው። መርማሪው ማርሚታው ጉሮሮ ውስጥ ሊከተው ምንም አልቀረው። ሳስረዳው ተቆጣኝ፤ ደግሞ ሲለካ ቁጥሩ ልክ ሆነ። ያኔ ወደ ማኅተም ዞረ። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 92 መሠረት የጸደቀ መለዋወጫ ማርሚታ ላይ በክብ ውስጥ «ኢ» የሚል የላቲን ፊደልና ቁጥር ይቀረጻል። የእኔ ማኅተም የተቀረጸው በማንጠልጠያው በኩል፣ ከውስጥ ስለሆነ አይታይም ነበር። ጎንበስ ብሎ ለማየት ፈቃደኛ አልሆነም፤ ፈትቼ እንዳመጣለት አዘዘኝ። ከመግጠማችሁ በፊት ማኅተሙን ፎቶ አንሡት፤ የድሮውን ማርሚታም ቢዝግ አትጣሉት። መርማሪው «የሚታይ ካልሆነ አይቆጠርም» ካለ በሚቀጥለው ምርመራ የምትገጥሙት እሱን ነው።