የጣና ዓሣ በአዲስ አበባ በኩል

ነገሩ ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ዓሣ ባየሁ ቁጥር ግን አሁንም ይቆረቁረኛል።

በዚያን ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ሱፐርማርኬት ቅርንጫፍ ዕቃ ተረካቢ ነበርኩ። ሄድ ኦፊሱ አዲስ አበባ ነው። የእኛ ሱቅ ከሐይቁ በእግር አሥር ደቂቃ አይርቅም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ የጣና ሽታ በጓሮ በር ገብቶ ስቶር ድረስ ይደርሳል።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። በጾም ዓሣ የሚበላም አለ፣ የማይበላም አለ። እኛ ጋ ግን የጾም ሰሞን ፍሪዘሩ ቶሎ ቶሎ ነው የሚራቆተው። ያን ሳምንት መብራት ሁለት ቀን ሙሉ ጠፋ። ጄኔሬተሩ ለካሽ ማሽኖቹ እንጂ ለፍሪዘሩ አልበቃም። ረቡዕ ጠዋት ስከፍተው የዓሣ ፊሌቶው ቀልጦ፣ ካርቶኑ ርሶ፣ ሽታው ተቀይሯል። የብልሽት ሰነድ ሞላሁ። ማናጀሩ ፈረመ። አውጥተን ጣልነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ "ዓሣ የለም?" ይላል፤ እኛም "የለም" እንላለን።

አራት ሰዓት ገደማ የጓሮው በር ተንኳኳ። ስከፍት አንድ አስጋሪ ቆመዋል። ዕድሜያቸው የአባቴ ነው። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ተጠቅልሏል። በደንገል የተንጠለጠሉ ቆሮሶ የሚባሉ ስድስት ሰባት ዓሦች ይዘዋል፤ አጠገባቸው መሬት ላይ ሌላ ሙሉ ማዳበሪያ አለ።

"ልጄ፣ ዓሣ አልቆባችኋል አሉኝ።"

"አዎ ጋሼ፣ አልቋል።"

አንዱን ቆሮሶ አነሱና ስንጥቡን በአውራ ጣታቸው ገልጠው አሳዩኝ። ቀይ ነው። ደሙ ገና አልጠቆረም። ቆዳው ላይ ውኃው አልደረቀም። "ሌሊት ነው የያዝኩት" አሉኝ። ዋጋም ነገሩኝ። ዕቃ ተረካቢ ስለሆንኩ ወዲያው በልቤ አሰላሁት። ቆሮሶ ፊሌቶ ሲወጣለት የሚቀረው ከሦስት አንድ እጅ ያህል ነው። እንዲያም ሆኖ ያዋጣ ነበር፤ ከጣልነው ፊሌቶ ይረክሳል።

ግዢ ክፍል ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ክፉ ሰው አይደለችም። ሥራዋን ነው የሠራችው።

"ቲን አላቸው?"

"የላቸውም።"

"ደረሰኝስ?"

"አይመስለኝም።"

"ጥሬ ዓሣ ሲስተሙ ላይ ኮድ ተፈጥሮለታል?"

"ፊሌቶ ብቻ ነው ኮድ ያለው።"

"ታዲያ በምን ታስገቢዋለሽ? መኪናው ቅዳሜ ይደርሳል፤ ታገሡ።"

ወጣሁና "ጋሼ፣ ደረሰኝ አለዎት?" አልኳቸው። እንደሌላቸው እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት። እምቢታው ከእኔ የመጣ እንዳይመስል መሰለኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህች ጥያቄ ናት።

"የምን ደረሰኝ ልጄ? ያወጣሁት ከውኃ ነው።"

"ያለ ደረሰኝ መግዛት አንችልም። አሠራር ነው።"

"አሠራር" አሉ ቀስ ብለው። አልተቆጡም። ማዳበሪያውን ትከሻቸው ላይ አደረጉና ሄዱ። ውኃው እየተንጠባጠበ ሲሚንቶው ላይ እስከ አጥሩ መስመር ሠርቶ ነበር። ጥበቃው በኋላ በመጥረጊያ ጠረገው።

ቅዳሜ መኪናው መጣ። ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል የዓባይን በረሃ አቋርጦ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። ካርቶኖቹን እየቆጠርኩ መረከቢያ ሰነዱን ስሞላ አንዱን ፌስታል ገልብጬ አየሁት። "የጣና ዓሣ ፊሌቶ" ይላል። ከዚህ ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ቀዝቅዞ፣ ታሽጎ ወደዚህ ተመልሷል። ያን ፊሌቶ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንደተረከብኩ አላውቅም። ጽሑፉን ግን አንብቤው አላውቅም ነበር፤ እኔ የማነበው ኮዱን ነው።

ደንቡን ለማጣጣል አይደለም ይህን የምጽፈው። ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ ገቢዎች ዘንድ በቀላሉ ወጪ ተብሎ አይያዝም። ያልተመረመረ ምግብ ሸጦ ሰው ቢታመም ተጠያቂው ሱቁ ነው። ሱቁንም እወደው ነበር። በ2014 ዓ.ም. ዘይት ሲወደድና ሲጠፋ እኛ ጋ ዋጋው መደርደሪያው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ለሀብታሙም ለድሃውም አንድ ነው። የሠፈር ሱቅ ውስጥ በሚዛን ተጭበርብራ የምታውቅ እናት እኛ ጋ ስትገባ ልቧ ያርፋል። ለብዙ የሠፈር ልጆችም የመጀመሪያ ደመወዛቸው ነበር፤ ለእኔም ጭምር።

እናቴ ግን ሌላ ነገር ታነሳለች። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሱቅ ነበር። ስኳርና ሳሙና በኩፖን ይታደላል፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ዕቃው ጥቂት ነው። ማንም እንዲመለስ አይመኘውም። "ቢሆንም ስማችን መዝገቡ ላይ ነበር" ትላለች። የሠፈሩ ባለ ሱቅም በዱቤ ደብተሩ ላይ ስማችንን ጽፎ ይይዛል። የእኛ ማሽን የሚያውቀው ባርኮድ ብቻ ነው። ከከተማው ገንዘብ ይቀበላል፤ ከከተማው ዕቃ ለመቀበል ግን መንገድ አልተበጀለትም። እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብቶች ሲከፍት ወሬው ሁሉ ስለ ዋጋ ነበር። ዕቃው ከማን ይገዛል ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

መንገድ ደግሞ ጠፍቶ አይደለም። ባሕር ዳር የአስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ፤ ቲንም ደረሰኝም አለው። በማኅበሩ በኩል እንግዛ ብዬ ለሄድ ኦፊስ ጻፍኩ። "ይታያል" አሉኝ። ሁለተኛም ጻፍኩ። እኔ ሥራውን እስክለቅ ድረስ ለጥሬ ዓሣ ኮድ አልተፈጠረም። ማናጀሩን ይዤ ሄድ ኦፊስ ድረስ መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም።

ከዚያ ረቡዕ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው እኒያ አባት በፊት ለፊት በር ገቡ። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰዋል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ትንሽ ልጅ በእጃቸው ይዘዋል። አውቀውኛል፤ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝ። ልጅቱ ፍሪዘሩ ጋ ቆመችና በመስተዋቱ አሻግራ ማንበብ ጀመረች። ማንበብ የለመደችው ገና በቅርቡ ሳይሆን አይቀርም፤ እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ እየተከተለች ነው።

"የ...ጣና...ዓሣ። አባዬ፣ ጣና ይላል!"

ጎንበስ ብለው አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ይኸም ከጣና ነው?"

"አዎ ጋሼ።"

"በየት በኩል መጣ?"

"በአዲስ አበባ።"

ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ሁለት ሳሙናና አንድ ደብተር አንስተው ካሸሯ ጋ ከፈሉ። ማሽኑ ወረቀቱን ሲተፋ ካሸሯ ቆርጣ ሰጠቻቸው። ብዙ ሰው እዚያው ጥሎት ነው የሚወጣው። እሳቸው ግን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊትና ጀርባውን አገላብጠው አዩት።

"ደረሰኝ የምትይኝ ይኸን ነው?" አሉኝ።

"አዎ፣ እሱን ነው።"

ለሁለት አጠፉት። እንደገና አጠፉትና በሸሚዛቸው የደረት ኪስ አስቀመጡት። ከዚያ የልጅቱን እጅ ይዘው ወጡ።