የ«ኝ» ጣጣ፦ «አይ» ወይስ «ሚ»?

ደብረ ብርሃን ላይ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ምሳሌ አያጣም፤ ብርዱ ራሱ ይሰጠዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ ጠዋት ክፍል የገባ ልጅ በመጀመሪያ የሚለው «በረደኝ» ነው። እንግሊዝኛው ግን «አይ አም ኮልድ» ይላል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ደብተር ሳርም «አይ» (እኔ) በሚገባበት «ሚ» (እኔን) ያለቦታው የሚገባው በአብዛኛው ከዚህች «ኝ» የተነሣ መሆኑን አስተዋልሁ። ራበኝ፣ ደከመኝ፣ አመመኝ፣ ገንዘብ አለኝ፤ አማርኛ ሰውየውን በተሳቢ ቅጥያ ያመለክተዋል፣ እንግሊዝኛ ባለቤት ያደርገዋል።

ስለዚህ ሠንጠረዥ ማስሸምደዱን ተውሁ። አይና ሚ፣ ሂና ሂም፣ ሺና ኸር፣ ዊና አስ፣ ዘይና ዜም የሚለውን ሁሉም እንደ ዳዊት ይደግመዋል፤ ዓረፍተ ነገር ሲሠራ ግን አይደርስለትም። («ዩ» ለምን አይለወጥም ለሚሉኝ፦ ድሮ ባለቤቱ «ዪ»፣ ተሳቢው «ዩ» ነበር። ተሳቢው ሁለቱንም ቦታ ወረሰ።) በምትኩ ግሱን እንዲፈልጉ አደረግሁ። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ ባለቤቱም ተሳቢውም ይቀድሙታል፤ የሚለያቸው «ን» እና የግሱ ቅጥያ ነው፤ «አስቴር እሱን ጠራችው» እንደምንለው። እንግሊዝኛ ግሱን መሀል ያስገባል። በተራ ዓረፍተ ነገር ከግሱ በፊት ሂ፣ ከግሱ በኋላ ሂም ነው።

«ን»ን መፈለግ ይረዳል፤ እንደ «ዊዝ» (ጋር) ያለ መስተዋድድ ሲመጣ ግን ይከዳል። ልጆቹ «ዊዝ አይ» ብለው ይጽፋሉ። አንዱማ «ቲቸር፣ ‹ከእኔን ጋር› አይባልም እኮ!» ብሎ ተሟገተኝ። እውነቱን ነው፣ አይባልም። እዚህ ላይ አማርኛውን ትቶ ሕጉን መቀበል ይሻላል፦ ከዊዝ፣ ከፎር፣ ከቱ እና ከቢትዊን በኋላ ሚ፣ ሂም፣ አስ።

ሁለት ሰዎች ሲጣመሩ አንዱን አስወጣለሁ። «ከበደ ኤንድ ሚ ወንት ቱ አንኮበር» ከሚለው ከበደ ሲወጣ «ሚ ወንት» ይቀራል፤ ክፍሉ ይስቃል፣ ስሕተቱም ይታያል። ጎበዞቹ የሚወድቁት በተቃራኒው ነው። «ሚ» በተደጋጋሚ ስለታረመባቸው «አይ» ጨዋነት ይመስላቸውና «ሺ ሄልፕድ ከበደ ኤንድ አይ» ይላሉ። እነሱንም የሚያድናቸው ከበደን ማስወጣት ነው።

«ኢት ኢዝ አይ» ወይስ «ኢት ኢዝ ሚ» በሚለው ክርክር ጊዜ አላጠፋም። ጥብቅ የሰዋስው መጻሕፍት የመጀመሪያውን ያዛሉ፣ ባለቋንቋዎቹ በንግግር ሁለተኛውን ይላሉ።

«ሁ» (ማን) እና «ሁም»ን (ማንን) የማስተምረው መጨረሻ ላይ ነው። ጥያቄውን በሂ ወይም በሂም መልሱት እላቸዋለሁ። መልሱ ሂም ከሆነ ጥያቄው ሁም ነው፤ ሁለቱም በ«ም» ስለሚያልቁ አይረሱትም።