ሞቆ የጠበቀኝ ሞተር

የአባቴን ተዝካር ለማውጣት አገር ቤት የገባሁ ጊዜ ነው። ዳሱ ፈርሶ፣ ካህናቱም ዘመድ አዝማዱም ከተሸኙ በኋላ የሰፈሩ ወጣቶች ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ከበቡኝ። ቤታችን ከሉማሜ ወጣ ብሎ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከደጃፋችን ሆኖ ጮቄ ይታያል። የእኅቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ የፊት ገጹን አሳያቸው። እኔ ነኝ። ቀይ ባለአራት ጎማ ሞተር ላይ ተቀምጬ፣ የራስ መከላከያዬን በብብቴ ይዤ፣ ጥርሴን ገልጬ እስቃለሁ። ከኋላዬ የኮሎራዶ ተራራ በረዶ ለብሶ ይታያል።

ጥያቄው ዘነበ። «ስንት ኩንታል ይጭናል?» «ጮቄን ይወጣል?» «ሞፈር ቢያስሩበት ያርሳል?» አንዱ ደግሞ «ሥራ የምትሄደው በዚህ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ጭነት አይጭንም፤ ከነጂው በቀር ሰው የሚቀመጥበት የለውም። የኋላ ማርሽ የለውም፤ መመለስ ካስፈለገ ወርዶ በእጅ መግፋት ነው። በከተማ መንገድ መንዳት ስለማይፈቀድ በተጎታች ተጭኖ ወደ ተፈቀደለት ሜዳ ይወሰዳል። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ታዲያ ለምን ገዛኸው?» አሉኝ። አልገዛሁትም፤ የራሴን ሞተር ብስክሌት ሰጥቼ ነው የለወጥኩት። ያን ቀን መልሱን ሸፋፍኜ አለፍኩት። እዚህ ሳልሸፋፍን እጽፈዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ ወደ ቀበሌያችን የሚመጣው የልማት ሠራተኛ ያማሃ ዲቲ ነበረው። ባለሁለት ምት ሞተር ነው፤ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ስለሚቃጠል ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። ያንን ጭስ እያሸተትን እስከ ወንዙ ድረስ እንሮጥ ነበር። ዓመታት አልፈው፣ ኦሮራ በምትባለው የዴንቨር ጎረቤት ከተማ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ቤንዚን ማደያ ቆሜ ሳለ ያው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አንድ ሰው ተጎታቹ ላይ የተጫነ ኳድ፣ ማለትም ባለአራት ጎማ ሞተር፣ አስነስቶ ነበር። እንባዬ መጣ። አገሬን በአፍንጫዬ አገኘኋት። ዴንቨር በከፍታዋ የምትኮራ ከተማ ናት፤ አንድ ማይል ሽቅብ፣ ማለትም 1609 ሜትር ላይ ነኝ ብላ በየቦታው ትጽፋለች። ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ አንድም ቀን ስትመጻደቅ አልሰማሁም። ያን ጠዋት ግን ዴንቨርም ደጋ መሰለችኝ።

በሳምንቱ ለልውውጥ የቀረበ ያማሃ ባንሺ አገኘሁ። ባንሺ አሜሪካ ውስጥ ከ1987 እስከ 2006 የተሸጠ፣ ሁለት ሲሊንደር ያለው፣ ወደ 350 ሲሲ የሚጠጋ ባለሁለት ምት የስፖርት ኳድ ነው። በእግር ተረግጦ ነው የሚነሳው። ሻጩ በሞተር ብስክሌቴ ሊለውጠኝ ፈለገ። ብስክሌቷ የመጀመሪያው ዓመት ላቤ ነበረች፤ ዘይቷን በቀኑ እየቀየርኩ እንደ በቅሎ የያዝኳት።

ከሰውየው ግቢ ስደርስ ኳዱ ተነስቶ ድም ድም እያለ ነበር። «እንዳትቸገር ብዬ አሙቄ ጠበቅሁህ» አለኝ። እኔ ለእንግዳ የእግር ውኃ አሙቆ እንደመጠበቅ ቆጠርኩለት። ሚስቱ በረዶ ያለው የሎሚ ጭማቂ አመጣች፤ ተቀብዬ ጠጣሁ። ከዚያ ሰውየው የእኔን ብስክሌት መመርመር ጀመረ። መሬት ላይ በጀርባው ተኝቶ በባትሪ መብራት ከሥሯ አየ። ካቴናዋን በጣቱ ሳበ፣ መሪዋን ግራና ቀኝ ወዘወዘ፣ ፍሬኗን ጨመቀ፣ የሻንሲ ቁጥሯን ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያየ። አንድ ሰዓት ሙሉ! እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆሜ ሆዴ ተቃጠለ። ሰው እንዴት እንግዳውን ፊት ለፊት እንዲህ ይጠራጠራል? ተራዬ ሲደርስ አንድ ጊዜ ዞርኩት፣ ጎማውን በእግሬ ነካሁ፣ «ጥሩ ነው» አልኩ። ነዳጅ ሰጥቶ ሲያስጮኸው ከለቀቀው በኋላም ድምፁ ቶሎ አልወረደም፤ ሽቅብ ተንጠልጥሎ ቆይቶ ቀስ እያለ ነበር የሚወርደው። ጉልበት መሰለኝ።

አባቴን የሚያውቅ ይህን ሲያነብ ያዝንብኛል። ከሦስት ቀበሌ ሰው በሬ ለመግዛት ሲነሳ አባቴን ሳይዝ ገበያ አይወጣም ነበር። ጥርሱን ከፍቶ ይቆጥራል፤ ጫንቃው ላይ የቀንበር ጠባሳ ይፈልጋል፤ ሰኮናውን ያነሳል፤ ሽቅብም ቁልቁልም ያስነዳዋል። ጨው አልሰው ውኃ ያጠጡት በሬ ሆዱ ሞልቶ የደለበ ስለሚመስል፣ እስከ ቀትር አጠገቡ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እኔን ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ይዞኝ ይሄድ ነበር። አንድ ሻጭ ቤቱ ወስዶ ጠላ ሲያቀርብልን ዋንጫውን በእጁ ገፋ አድርጎ «የሰውን ጠላ ቀምሰህ በሬውን አትይ፤ መጀመሪያ በሬውን፣ ኋላ ጠላውን» አለኝ። ይሉኝታ ከሆድ እንደሚገባ ያውቅ ነበር። እኔ የሎሚውን ጭማቂ ጨልጬ ነበር።

ፎቶው የተነሳው በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ጓደኛዬ አነሳኝ፣ ለእኅቴ ላክሁላት፣ ከዚያ ሽቅብ ወጣሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ነዳሁ። ዳገቱ ወገብ ላይ ድምፁ ቀጠነ፤ የኋላ ጎማዎቹ በአንድ ጊዜ ተቆለፉና ደረቴ መሪው ላይ አረፈ። ዝም አለ። መርገጫውን ብረግጠው እንደ ድንጋይ ሆነብኝ።

ለእርዳታ የመጡት አንድ አባትና የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጁ ነበሩ። ልጁ ሳይጠየቅ ከኮርቻው ሥር መፍቻ አውጥቶ ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን፣ ፈታው። ወደ ፀሐይ አዞረና አሳየኝ። ጫፉ ነጭ ነበር፤ በላዩ እንደ ብር ብናኝ የሚያብለጨልጭ ነገር ተለጥፏል። የቀለጠ የፒስተን አሉሚኒየም ነው። «ስታየው ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር?» አለኝ። «ሞቆ ነበር የጠበቀኝ» አልኩት። ልጁ አባቱን አየ። አባቱ ገመድ ሊያመጣ ዞረ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ያ ዝምታ ነው እስከ ዛሬ የሚያነቃኝ። ገንዘቡን ሠርቼ ተካሁት። ነገር ግን በዚያ ልጅ ዕድሜ እኔም የበሬ ጥርስ እቆጥር ነበር፤ አባቱ እሱን ያስተማረውን አባቴም እኔን አስተምሮኛል። ትምህርቱን ባሕር ማዶ ስሻገር የጣልኩት እኔ ነኝ። የሰው አገር ስለሆነ፣ ሰዎቹ ስለሳቁልኝ፣ ተጠራጣሪ ደሃ መስዬ እንዳልታይ።

ሞተሩን የፈታልኝ ኤርትራዊ መካኒክ ነው። በአማርኛ ተግባባን፤ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ የሚሉት ቃላት ደግሞ የሁለታችንም ናቸው። ፒስተኑን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ጎኑ ላይ ጥፍር የቧጠጠው የሚመስል አራት ረጃጅም ጭረት ነበረበት። በማግኔቱ በኩል ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ ደርቆ ተሰንጥቆ፣ ሞተሩ ከዚያ አየር ይስብ ነበር። ባለሁለት ምት ሞተር ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ቤንዚኑ ውስጥ የተቀላቀለው ዘይት ነው። ያልታሰበ አየር ሲገባ ድብልቁ ይሳሳል፤ ዘይቱ ያንሳል፤ ሙቀቱ ይጨምራል። ያ ተንጠልጥሎ የሚቀረው ድምፅ የዚሁ ምልክት ነበር። ሲሊንደሮቹም ያረጁ ስለነበሩ ቀዝቃዛውን ለማስነሳት ብዙ መርገጥ ይጠይቃል፤ ሻጩ አሙቆ የጠበቀኝ ይህንን እንዳላይ ነው። ከሥሩም የኋላ ጎማዎቹን የያዘው ክንድ በሚታሰርበት ቦታ አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ መካኒኩ በመፍቻ ሲፍቀው ብየዳ ወጣ። የፋብሪካው ጥፋት አንድም የለበትም። ሁለት ፒስተን፣ ሲሊንደሩን ማስፋት፣ ማገጃዎቹና የእጅ ዋጋ ተደምሮ 1400 ዶላር ከፈልኩ።

መካኒኩ የኮምፕሬሽን፣ ማለትም የሲሊንደሩን ግፊት፣ መለኪያ አያያዝም አሳየኝ። መለኪያውን በካንዴላው ቦታ አስሮ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ መርፌው መውጣቱን እስኪያቆም መርገጥ ነው። በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ ቁጥሩ በቆላ ከሚያሳየው ያንሳል፤ ስለዚህ ሁለቱን ሲሊንደር እርስ በርስ ማነጻጸር ይበልጣል።

በዓመቱ አንድ ሰው የተስተካከለውን ባንሺዬን ያማሃ ብላስተር በሚባለው ትንሽ ኳድና በጥቂት ገንዘብ ሊለውጠኝ ጠየቀ። በስልክ «እኔ ሳልደርስ አታስነሳው» አልኩት። ስደርስ ሲሊንደሩን በመዳፌ ነካሁ፤ ቀዝቃዛ ነው። ቡና ሲያቀርብልኝ «በኋላ» አልኩ። ራሴ ረገጥኩ፤ በሦስተኛው ተነሳ። ካንዴላውን ፈታሁ፤ የተቆላ ገብስ መልክ አለው፤ ጥሩ ነው። የጭስ ማውጫውን ማርሚታ አውርጄ በቀዳዳው ፒስተኑን በባትሪ አየሁ፤ ጭረት የለበትም። የኋላውን አንስቼ ጎማውን አሽከረከርኩ፤ አክሱ አልተጣመመም። ጎማውን ይዤ ወዘወዝኩ፤ ኩሽኔታው አይንቀሳቀስም። ብላስተር ዘይቱን በፓምፕ ነው የሚቀዳው፤ ብዙ ባለቤቶች ግን ፓምፑን ነቅለው ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር በእጅ ይቀላቅላሉ። ይህን ያልተነገረው ሰው ንጹሕ ቤንዚን ሞልቶ ሞተሩን ያቃጥላል። ጠየቅሁ፤ ተነቅሏል። ሳልጠይቀው አልነገረኝም ነበር። በመጨረሻ የሻንሲ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያየሁ፤ አንድ አኃዝ አልገጠመም። «አይሆንም» አልኩት።

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እኛ አገር የሰውን ዕቃ ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ እንዲያ አገላብጦ፣ ሳይወስዱ መመለስ ያቀያይማል። ሰውየው ግን እጄን ጨብጦ በሰላም ሸኘኝ። ለእነርሱ ምርመራ ስድብ አይደለም፤ ይህን ከእነርሱ ብንወስድ ይጠቅመናል። በምትኩ ደግሞ እንግዳ ውኃ ሳይቀምስ በር ላይ ቆሞ የሚመለስበትን ልማዳቸውን ትተው ከእኛ ቢማሩ ደስ ይለኛል።

ያን ቀን ከባሕር ዛፉ ሥር ይህን ሁሉ ያላልኩት የእኅቴን ልጅ ዐይን ስላየሁ ነው። ሌሎቹ ሲሄዱ «ጋሼ፣ የአባባን ሁለት በሬዎች ሸጬ ለደላላ ልሰጥ ነው» አለኝ። ወደ ዓረብ አገር፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላ ይዞት ሊሄድ። ደላላው ስልኩ ላይ ያለውን የእኔን ፎቶ አይቶ «አጎትህ እንዲህ ሆኗል፤ አንተ ምን ያንስሃል?» ብሎታል። ሃያ ደቂቃ የሮጠው ሞተር፣ ሳቄ፣ በረዶ የለበሰው ተራራ በሬ ሊያሸጥ ነው። ደነገጥኩ። ለእኅቴ የላክሁት እንዳትጨነቅ ብዬ ነበር። ሞተሩ የተቆለፈበትን፣ በገመድ የተጎተትኩበትን፣ ከሌሊት እስከ ንጋት ሳጥን የማነሣበትን መጋዘን ማን ፎቶ ያነሳል?

ለመውጣት የምታስቡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የወጣ ሰው የሚልክላችሁ ፎቶ አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ነው። እኛም የምናሞቀው እናንተን ላለማሳዘን ነው፤ ግን ጉዳቱ ያው ነው። ሳታስጠነቅቁ ደውሉልን። ከፈረቃ ወጥተን አውቶቡስ ስንጠብቅ ያዙን። የቤት ኪራዩን፣ ስንት ሰው በአንድ ክፍል እንደሚያድር፣ ፓስፖርቱ በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ። ውሉን በምታነቡት ቋንቋ ሳታዩ ጣታችሁን አታኑሩበት። ደላላ ቡና ከጋበዛችሁ አትጠጡለት። የሚወጣ ይውጣ፤ እኔም ወጥቼ ነው እናቴን የጦርኩት፤ ግን ጥርሱን ቆጥራችሁ ውጡ።

ለእኅቴ ልጅ ሁሉንም ነገርኩት። አላመነኝም ወይም ማመን አልፈለገም። በሬዎቹን ሳይሸጥ ተለያየን።

ትናንት ማታ ደወለልኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ሰው ያገለገለ ቦክሰር ሞተር በአንዱ በሬ ልለውጥህ ብሎታል። ቦክሰር ባለአራት ምት ነው፤ ጭሱም ጠባዩም ሌላ ነው። ቢሆንም የመጀመሪያ ጥያቄዬ አንድ ነበር።

«ስትደርስ ቀዝቃዛ ነበር?»

ዝም አለ። ከዚያ «አስነስቶ ነበር የጠበቀኝ፤ ቤት ግባ ብሎም ጠላ ቀዳልኝ» አለ።

«ጠጣህ?»

«አንድ ጣሳ።»

ነገ ጎህ ሳይቀድ፣ ሳይነግረው፣ ምንም ሳይቀምስ ተመልሶ እንዲሄድ ነገርኩት። መጀመሪያ መዳፉን ሞተሩ ላይ እንዲያሳርፍ። እኔ ዛሬ ሌሊት ፈረቃ ላይ ነኝ፤ ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከፍቼ እጠብቃለሁ።