የሆስፒታሉ አጥርና የአስታማሚዎች ቦታ

ለማስተርስ መመረቂያዬ በደብረ ብርሃን ከተማ መካከል የሚቆም ሆስፒታል ስነድፍ ከሁሉ አስቀድሜ ያሰብኩት ስለ ብርዱ ነበር። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን ውርጭ በሚወርድባት ከተማ ሙቀት እንዳይባክን ብዬ መስኮቶቹን አሳነስኩ፤ የሕሙማን ክፍሎቹንም በአንድ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ደረደርኳቸው።

ንድፉን ያየችው የመንዝ ተወላጅ የሆነች አንጋፋ ነርስ፣ «ሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው እዚህ ቢተኛ የሚተነፍሰው አየር በየት ይወጣል?» ስትል ጠየቀችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ በተፈጥሮ አየር ለሚናፈስ ጠቅላላ የሕሙማን ክፍል ለአንድ ሕመምተኛ በሰከንድ 60 ሊትር አየር፣ በአየር የሚተላለፍ በሽታ ላለበት ክፍል ደግሞ 160 ሊትር ይጠይቃል። የእኔ መስኮቶች ተከፍተውም አይበቁም፤ ሌሊት ደግሞ በዚያ ብርድ ከፍቷቸው የሚያድር ሰው አይገኝም። ስለዚህ ሕንፃውን አጥብቤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ዘረጋሁት። በብርዱ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ቀን ቀን ወፍራሙን የድንጋይ ግንብ ታሞቀዋለች፤ ግንቡም ሙቀቱን አመሻሹ ላይ ይመልሰዋል። በሳንባ ነቀርሳ ክፍል ግን ከጣሪያው ሥር የማይዘጉ የአየር መውጫዎች አደረግሁ፤ በዚያ ክፍል ብርዱን በብርድ ልብስ መከላከል ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

የበለጠ ያስተማረኝ ግን አጥሩ ነው። በአንድ ሆስፒታል በር ላይ ለቀናት ስቀመጥ፣ ከገጠር ወረዳ ሕመምተኛ ይዘው የመጡ አስታማሚዎች ስንቃቸውን ታቅፈው መንገድ ዳር ሲያድሩ አየሁ። ሻይ ቤቱ፣ መድኃኒት ቤቱና ፎቶ ኮፒው በሙሉ ከአጥሩ ውጭ የበቀሉት እነዚህን ሰዎች ብሎ ነው፤ ከተማዋ ሆስፒታሉ የነፈጋቸውን ቦታ በራሷ መንገድ ሰጥታቸዋለች። እኔም በመንገዱ በኩል አጥሩን አንሥቼ የተመላላሽ ሕክምናውን፣ መድኃኒት ቤቱን፣ የአስታማሚዎችን ማብሰያና ማደሪያ ወደ መንገዱ አወጣሁ፤ የተኝቶ ሕክምናውንና የቆሻሻ ማስወገጃውን ወደ ውስጥ ወሰድኩ። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነውና፣ የክረምቱን ውኃ ለልብስ ማጠቢያ የሚያከማች ጋን ከማደሪያው ሥር አስቀመጥኩ። ፍሳሹም ሳይጣራ ወደ በረሳ ወንዝ እንዳይገባ ማጣሪያውን በመጀመሪያው የግንባታ ምዕራፍ ውስጥ አካተትኩ።

የመጨረሻውን ንድፍ ሳሳያት ነርሷ ብዙ ከተመለከተች በኋላ የታጠበ ጋቢ የሚሰጣበት ቦታ አላገኘችም። በደቡቡ ግንብ ፊት ለፊት፣ ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል፣ ገመድ አሰመርኩበት።