ከቫን ውስጥ በስልክ ማስተርጎም፦ የኔትወርክ ነገር በኔቫዳ መንገዶች

ኑሮዬ ላስ ቬጋስ ነው፤ እንጀራዬ ደግሞ በስልክ ማስተርጎም ነው። ሐኪሙና አማርኛ ብቻ የሚናገረው ታካሚ ሆስፒታል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ እኔ በጆሮ ማዳመጫ በመካከላቸው እገባለሁ። ከባለቤቴ ጋር አንድ አሮጌ ቫን ገዝተን አልጋና ምድጃ ካስገባንበት ወዲህ ከዓመቱ ሦስት አራት ወር የምናሳልፈው በመንገድ ላይ ስለሆነ፣ ሥራዬም አብሮኝ ይጓዛል። በዚህ ምክንያት የኔትወርክ ነገር ለእኔ ከሰው ጤና ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው።

ይህን በሚገባ ያስተማረኝ አንድ ጥሪ ነው። ከፒዮች ወደ ኢሊ በሚወስደው በ93 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ፣ ከ100 ማይል በላይ አንድም ከተማ በሌለበት ሸለቆ ውስጥ መንገድ ዳር ቆመን ነበር። ስልኬ ሁለት የሲግናል ዘንግ ያሳያል፤ እኔም ይበቃል ብዬ ጥሪ ተቀበልኩ። ነርሷ ለአንዲት እናት የሽሮፑን መጠን ስትናገር፣ እኔ “አሥራ አምስት ሚሊ ሊትር፣ በቀን ሁለት ጊዜ” አልኩ። እማማ ደግመው “አምስት፣ በቀን ሁለት ጊዜ፤ እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ” አሉኝ። “አሥራ” የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ቀርታለች። “የለም እማማ፣ አሥራ አምስት ነው” ብዬ ሳልጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። ስልኩን ከፍ አድርጌ ከቫኑ ወጥቼ ብሮጥም አልተመለሰም። ኢሊ ስንደርስ ለአስተባባሪዬ አሳወቅሁ፤ ነርሷ ወዲያው በሌላ አስተርጓሚ በኩል መጠኑን በድጋሚ እንዳስረዳች ሲነገረኝ ነው ልቤ የተመለሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሞተ መስመር ይልቅ የሚቆራረጥ መስመር ያስፈራኛል፤ የሞተውን ሁሉም ሰው መሞቱን ያውቃል፣ የሚቆራረጠው ግን ቃል እየዋጠ ጤነኛ ይመስላል።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ዘንጎቹን ማመኔ ነበር። እያንዳንዱ የስልክ አምራች ዘንጎቹን በራሱ ስሌት ስለሚያሳይ፣ የአንዱ ስልክ ሁለት ዘንግ ከሌላው ሁለት ዘንግ ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። እውነቱ ያለው በዲቢኤም፣ ማለትም በሲግናል ኃይል መለኪያ፣ በሚለካው ቁጥር ላይ ነው። በአይፎን *3001#12345#* ብሎ መደወል የፍተሻ ገጹን ይከፍታል፤ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ደግሞ በሴቲንግ ውስጥ የሲም ካርዱ ሁኔታ በሚነገርበት ቦታ ይገኛል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይበረታል። በኤልቲኢ (በ4ጂ ኔትወርክ) -90 እና ከዚያ የተሻለ ሲሆን ያለ ሥጋት እሠራለሁ፣ -110 ላይ ግን አላምነውም፣ -120 ሲደርስ እንደሌለ እቆጥረዋለሁ። በ-90 እና በ-110 መካከል ያለው ልዩነት በኃይል ሲሰላ 100 እጥፍ መሆኑን ማወቄ ብዙ ነገር ገልጦልኛል።

ሁለተኛው ነገር መልክዓ ምድሩ ነው። የኔቫዳ ተራሮች በአብዛኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሲሆኑ፣ በየመካከላቸው ሰፋፊ ሸለቆዎች ተኝተዋል። የስልክ ማማዎቹ በየከተሞቹ አካባቢና በአንዳንድ ተራሮች አናት ላይ ስለሚገኙ፣ መኪናው ወደ ሸለቆ በወረደ ቁጥር ተራራው ራሱ ግድግዳ ይሆናል። በ1986 ላይፍ መጽሔት በአሜሪካ እጅግ ጭር ያለ መንገድ ብሎ የጠራው የ50 ቁጥር ጎዳና የሚያልፈው በዚህ አገር ውስጥ ነው። ከታላቁ ቤዚን ብሔራዊ ፓርክ ወደ ኢሊ ስንመለስ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ኮነርስ ፓስ አናት ላይ ስንደርስ፣ ዝም ብሎ የቆየው ስልክ በድንገት ይነቃና የሰዓታት መልእክት ተከታትሎ ይንጫጫል። ከሩቅ የሚደርሰው ደግሞ በዝቅተኛ ድግግሞሽ፣ በ600 እና በ700 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚላከው ሲግናል ስለሆነ፣ ስልክም ሆነ ራውተር (ኔትወርኩን ተቀብሎ ዋይፋይ የሚያከፋፍል ሣጥን) ስገዛ እነዚህን መቀበሉን ሳላረጋግጥ ገንዘብ አላወጣም።

ቫኑ ራሱም ጠላት ነው፤ የብረት ሣጥን ስለሆነ ሲግናሉን ያፍነዋል። አንድ ጊዜ ደጅ -104 የነበረው በሩን ዘግቼ ስለካው -115 ሆነ። መፍትሔ ያገኘሁት ጣሪያው ላይ በገጠምነው አንቴናና ከሱ ጋር በተያያዘው ራውተር ነው። ብዙ ሰው የሚገዛውን የሲግናል ማጉያ እኛም ሞክረነዋል። ማጉያ ያለውን ያጎላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም፤ በ2013 በወጣው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ መሠረትም በስልክ ድርጅቱ ዘንድ መመዝገብ አለበት። የውጭውና የውስጡ አንቴና በጣም ሲቀራረቡ ደግሞ ራሱን በራሱ እየሰማ ኃይሉን ይቀንሳል፤ በአጭር ቫን ውስጥ ይህ የዘወትር ችግር ነው።

ራውተሩ የሁለት የተለያዩ ድርጅቶችን ሲም ይይዛል፤ ለእኔ ከማንኛውም ውድ ዕቃ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ነው። የድምፅ ጥሪ የሚፈልገው ዳታ በሴኮንድ 100 ኪሎቢት ገደማ ብቻ ስለሆነ ፍጥነት አያሳስበኝም፤ የምፈልገው ሳይዛነፍ መፍሰሱን ነው። በበጋ ፓርኮቹ በሰው ሲጨናነቁ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ዳታው የማይንቀሳቀስበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ሌላኛው ሲም ያወጣኛል። የካፌና የሆቴል ዋይፋይ ግን የታካሚ ምሥጢር ለሚያልፍበት ሥራ ፈጽሞ አልጠቀምም።

ማማ በሌለበት ከሳተላይት ኢንተርኔት የሚቀበለውን ትንሽ መሣሪያ፣ ስታርሊንክ ሚኒን እንዘረጋለን። ሳተላይቶቹ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚዞሩ፣ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከሚቆሙት የቀድሞዎቹ በተለየ፣ ተናጋሪዎችን እርስ በርስ የሚያጋጭ መዘግየት የለባቸውም። ነገር ግን መሣሪያው ክፍት ሰማይ ይፈልጋል። በታላቁ ቤዚን ፓርክ፣ በሌማን ክሪክ የአገራችንን ጽድ የሚመስሉ ዛፎች ሥር ቆመን፣ ሳተላይቱ ከቅርንጫፍ ጀርባ በገባ ቁጥር ድምፁ ለጥቂት ሴኮንድ ይጠፋ ነበር። ጥላው ደስ ቢለንም ለሥራ ቀን ወደ ሜዳው እንወጣለን። መሣሪያው በሰዓት 30 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ስለሚወስድ፣ የስምንት ሰዓት ሥራ 240 ዋት ሰዓት ይጨርሳል፤ 100 አምፒር ሰዓት ያለው የሊቲየም ባትሪያችን 1,280 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚይዝ፣ ደመና ሆኖ ከፀሐይ ባይሞላም ለቀናት አያሠጋንም።

አሁን ፈረቃዬ ከመግባቱ ግማሽ ሰዓት በፊት መኪናው ይቆማል፤ እየተነዳ ጥሪ አልቀበልም። ቁጥሩን እለካለሁ፣ ከዚያ ባለቤቴ ራቅ ብሎ በሌላኛው ስልክ ይደውልልኝና ለአሥር ደቂቃ ጋዜጣ ያነብልኛል። አንድ ቃል ከተዋጠች ለአስተባባሪዬ ዛሬ አልገባም ብዬ እጽፋለሁ፤ የቀኑን ክፍያ አጣለሁ። መስመሩ ንጹሕ ሆኖ ስገባም፣ የመድኃኒት መጠን ሲመጣ ከሐኪሙ ፈቃድ ጠይቄ “አሥራ አምስት፤ አንድና አምስት” ብዬ እናገርና፣ እማማ በራሳቸው አንደበት እስኪደግሙልኝ ድረስ እጠብቃለሁ።